የአክስቴ አረንጓዴ ወርቅ

አክስቴ አረንጓዴ ወርቅ ትሠራ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ወርቅ ቢጫ ነው ብሎ ያደገ ሰው በቀለም ነገር ግትር ነው። እኔ ግን ፊደል ሳልቆጥር አራት ዓይነት ወርቅ ለይቼ አውቅ ነበር፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ። ያስተማረችኝ እሷ ናት። እንዴት እንደሞተች ለማወቅ ግን ሃያ አራት ዓመት ፈጀብኝ፤ ሲሆን ያየሁት እኔው ሆኜ ሳለ።

ሱቁ የአባቴ ነበር። መንገድ ዳር ያለው የፊተኛው ክፍል የመስታወት ባንኮኒ፣ ሚዛን፣ ሬዲዮና ለደንበኛ የሚሆኑ ቬሉዶ ጨርቅ የለበሱ ሁለት ወንበሮች ነበሩት። ከመጋረጃው ጀርባ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ከመተላለፊያው ጫፍ ደግሞ ጓዳው። የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ፣ የምትሠራው እዚያ ነበር። ከሱቁ በላይ የተጻፈው የአባቴ ስም ነው። "እጅህ ይባረክ" የሚባለውም እሱ ነው። እጁ ግን ከሚዛኑ አልፎ እሳት ነክቶ አያውቅም።

አክስቴ ቀጭንና ረጅም ነበረች፤ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ክፍል ይገባል። የጣቶቿ ጫፎች በትናንሽ ቃጠሎ የተነቀሱ ይመስላሉ። ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ እንቢተኛ ልጅ እንደምትቆጣ እናት ከወርቁ ጋር እየተነጋገረች ነው የምትሠራው። "አትንሻፈፍብኝ! ቀጥ በል! ሰው እያየህ ነው!" ሰው የምትለው እኔን ነው።

"እሜቴ፣ ነይ እዪ" አለችኝ አንድ ቀን፤ ገና ትንሽ ሳለሁ ጀምሮ እሜቴ ነበር የምትለኝ። ከተቃጠለው ጠረጴዛዋ ላይ ሦስት የወርቅ ፍሬና አንድ የመዳብ ፍሬ ደረደረች። "ንጹሕ ወርቅ ሞኝ ነው። ሲጫኑት ይታጠፋል፣ ሲነክሱት ይጎዳል። ለብቻው ቀለበት ቢሆን በሳምንቱ ይጣመማል። ስለዚህ ጓደኛ እንሰጠዋለን። ሦስት እጅ ወርቅ፣ አንድ እጅ ባዕድ። ባዕዱ መዳብ ከሆነ ይቀላል። ኒኬል ከሆነ ይነጣል። ብር ከሆነ ያልበሰለ ሎሚ ይመስላል። ወርቁ ግን ስንት ነው?"

"ሦስት እጅ!"

"ቀዩን አይቶ 'ይሄማ የተጭበረበረ ነው' የሚል ሰው ቢመጣ?"

"ሦስት እጅ ነው እለዋለሁ!"

"ጎበዝ!"

"ግን ለምን መልኩ ይለወጣል?"

አክስቴ ወደ በሩ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጊደር ከአህያ ጋር ውላ ምን ተምራ መጣች?"

ተረቱን አውቀዋለሁ፤ ከትልቅ ሰው አፍ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው። መሬት ላይ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እሷም ወረንጦዋን ጥላ ሳቀች። ከዚያም ሳል ያዛት፤ ረጅም፣ ደረቅ ሳል። ሳቁ ያመጣው ነው ብዬ እኔ ሳቄን ቀጠልኩ።

ብር ብቻውን የሚሰጠው አረንጓዴ የፈዘዘ ነው፤ ያላወቀበት ቢጫ ነው ብሎ ያልፈዋል። የአባቴ ደንበኞች የሚሻሙበት አረንጓዴ ግን የቅጠል አረንጓዴ ነበር፤ ከተማው ውስጥ ሌላ ሱቅ የሌለው። ለዚያ ከብሩ ሌላ ጥቂት ግራጫ ብረት ይጨመራል። እውነተኛ ስሙን ያኔ አላውቅም፤ በቤታችን "ግራጫው" ነበር የሚባለው። ግራጫው ለእሳት አይታገስም። ወርቁ ገና ሳይቀልጥ እሱ ፈልቶ ሊተን ይቸኩላል። ስለዚህ አክስቴ በስስ የወርቅ ቅጠል ትጠቀልለውና የቀለጠው ወርቅ ውስጥ ድንገት ትደፍቀዋለች። ቡናማ ጭስ ቦግ ይላል። "ግማሹ ወደ ወርቁ፣ ግማሹ ወደ ጣሪያው" ትላለች እጇን እያራገበች።

ወደ ጣሪያው ብቻ አልነበረም የሚሄደው።

አረንጓዴው በሚቀልጥበት ቀን አባቴ ከመጋረጃው አያልፍም ነበር። እንኳን ሊገባ መተላለፊያውም ላይ አይቆምም። ሥራዋን ስለሚያከብርላት ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት "ወንድም እህቱን እንዴት ያከብራል?" የሚል ጽሑፍ ስንታዘዝ ይህንኑ ጽፌ ከአሥር ዘጠኝ አግኝቻለሁ። ያንን ወረቀት ዛሬ ባገኘው በጥርሴ እዘነጥለዋለሁ።

ብረቱን የሚያመጣልን ሰው ባለሻንጣው ይባላል። በወር አንዴ ይመጣል፤ ሻንጣው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለሉ ብልቃጦች ይደረድራል። አንድ ቀን ባንኮኒው ስር ተደብቄ በአሮጌ የቀለበት ሣጥኖች ቤት ስሠራ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"ጌታዬ፣ ስንት ጊዜ ልንገርዎት?" አለ ባለሻንጣው። "ክፍት ቦታ ነው የሚፈልገው።"

"ክፍት ቦታ ከየት ላምጣ?"

"ዝግ ቦታ ይገድላል። ለሌሎቹም ነግሬያቸዋለሁ። እኔ ከራሴ ላይ አውርጄአለሁ፤ ኋላ አልሰማሁም እንዳይሉ።"

"አንተ ዕቃህን ሽጥ" አለ አባቴ። "መግደሉን ለእግዜር ተውለት።"

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። ሱቃችን ጠባብ መንገድ ላይ በመሆኑ ገበያ ይገድላል የሚል ክርክር መሰለኝ። ሰፊ አደባባይ ላይ ትልቅ ሱቅ ልንከፍት ነው ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ። ራት ላይ አላስቻለኝም።

"እማዬ፣ ሱቃችን ክፍት ቦታ ሊሄድ ነው! ዝግ ቦታ ይገድላል!"

እናቴ ሳቀች። አክስቴ ግን እጇ ከአፏ ሳይደርስ ቆመ፤ አባቴን አየችው። አባቴ እኔን አየኝ። "ከትልልቅ ሰው አፍ ለቃቅመሽ አታውሪ" አለ። "ሁለተኛ ባንኮኒው ስር እንዳላይሽ።" የዚያን ሌሊት የተኛሁት የሱቁን ምሥጢር አበላሸሁ ብዬ እያዘንኩ ነው።

ጓዳው አንድ መስኮት ነበረው። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤታችንን ግቢ ነው። ጎረቤታችንም አንጥረኛ ነው፤ ቃል ስለማይወጣው ዝምታው ብለን እንጠራዋለን። የሚሠራው ግቢው ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ዳስ ስር ነበር። እሱ እዚያ እሷ እዚህ ሆነው በመስኮቱ ሲነጋገሩ እሰማ ነበር። ከእሷ ጋር ሲሆን ዝምታው አፍ ያወጣል። ስለ ብየዳ፣ ስለ ሞረድ ያወራሉ፤ ሌላም ያወራሉ። አክስቴ እሱን ካነጋገረች በኋላ ለወርቁ የምትሰጠው ቁጣ ይለሰልሳል።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ሳንቃና መዶሻ ይዞ መጣ። "የቅይጡን ልክ በዚህ እየሰረቀ ነው" አለ። አክስቴ "ጋሼ፣ ተው፤ አየር የማገኘው በዚህች ብቻ ነው" አለችው። እሱ የመጀመሪያውን ሳንቃ መስኮቱ ላይ ገጠመ። ሚስማር የማቀብለው እኔ ነበርኩ። አንድ በአንድ፤ አሥራ አራት ሚስማር። የቤታችንን ምሥጢር ከሌባ እየጠበቅሁ ስለነበር ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዝምታው ሱቃችን ገባ። ሁለት ደንበኞች ተቀምጠው ነበር። እንዲያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

"መስኮቱን ክፈትላት! ሰው ናት እኮ! ባለሻንጣው ለአንተ አልነገረህም?"

አባቴ ተረጋግቶ ሚዛኑን በጨርቅ ወለወለ። "ልታገባ የፈለግኸው እህቴን ነው ወይስ ቅይጤን?"

ደንበኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ዝምታው ፊቱ እንደ መዳብ ቀልቶ እኔን አየኝ፤ አንድ ነገር ሊለኝ ያሰበ ይመስል ነበር። ሳይለኝ ወጣ። ሌባ ሲጋለጥ እንዲህ ያፍራል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ወዲህ አረንጓዴው በቀለጠ ማታ ሁሉ አክስቴ ብርድ ብርድ ይላታል። ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ትንቀጠቀጣለች፤ በማግስቱ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። እናቴ ሻይ እያቀረበችላት "የፍቅር በሽታ ነው፤ መስኮቱ ከተዘጋ ወዲህ የመጣ" ትላለች። ለሴቶቹ ጎረቤቶቿ የምትቀልደው ነው። እኔ ግን ቀልድ መሆኑን አላወቅሁም። ፍቅር የሚባለው የሚያንቀጠቅጥና የሚያስል ነገር ነው ብዬ ዝምታውን ጠላሁት። በግቢው በር ሳልፍ ጠጠር እወረውር ነበር።

የፋብሪካው ባለቤት ሚስት የመጣችው በዚያ ወቅት ነው። ለልጇ ሠርግ የአንገት ሐብል ፈለገች፤ አርባ ቅጠሎች፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ መሐል ላይ ቀይ አበባ፣ አበባው ላይ የነጭ ወርቅ ጤዛ። አባቴ ጎንበስ ቀና እያለ "በእኔ ይሁንብዎት" አላት። በእሱ አልሆነም።

የዚያኑ ቀን በመጋረጃው በኩል ጭቅጭቃቸውን ሰማሁ።

"አርባ ቅጠል ማለት ስንት ጊዜ ማቅለጥ እንደሆነ ታውቃለህ?" አለች አክስቴ። "መስኮቱን ክፈት፤ አለዚያ እወጣለሁ። ዝምታው ግቢ ቦታ አዘጋጅቶልኛል።"

"ወጥተሽ ቅይጡን ልትሰጪው?"

"ቅይጡ የማን ነው ጋሼ? ማን አገኘው?"

"በማን ቤት ተቀምጠሽ? በማን እሳት?" አለ አባቴ። ቀጥሎ ድምፁ ተለወጠ፤ ሲለምን ሰምቼው ስለማላውቅ ፈራሁ። "ይህችን ብቻ ጨርሺልኝ። ካለቀች በኋላ የፈለግሽው ዘንድ ሂጂ።"

ከንግግሩ ሁሉ እኔ ጆሮ ውስጥ የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ እወጣለሁ። አክስቴ ትታኝ ልትሄድ ነው። የማን እሜቴ ልሆን ነው? ጠጠሩን በእጥፍ ወረወርኩ።

የሆነው ሁሉ የሆነው ረቡዕ ነበር፤ ከሰዓት። እናቴ ልብስ ልክ ልትሰጥ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳለች። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ቅይጥ ሊቀልጥ ነው። አባቴ ትከሻዬን ይዞ በጓዳው በር ፊት ዱካ ላይ አስቀመጠኝ። ከዚያ በፊት ያልነበረ መቀርቀሪያ በሩ ላይ በውጭ በኩል ተሰክቷል፤ አዲሱ ብረት ያበራል።

"የሐብሉ ወይዘሮ ሱቅ ውስጥ ናት" አለኝ በሹክሹክታ። "ማንም እንዳይገባ። አክስትሽም እንዳትወጣ። ዛሬ ከወጣች አትመለስም፤ ገባሽ?"

ገባኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከልብ ገብቶኝ አያውቅም።

የጋዙ እሳት ሲፏጭ ይሰማኛል። አክስቴ ወርቁን ስትቆጣ ይሰማኛል። ቀጥሎ ቅይጡ ሳይበላሽባት አልቀረም፤ "ኧረ በስማም" ብላ እንደገና ጀመረች። በበሩ ስር ቡናማ ጭስ እንደ ምላስ ወጣ ገባ አለ። ከዚያ ሳል፤ ብዙ ሳል። በሩ ከውስጥ ተነካ።

"ማን አለ? በሩ ምን ሆነ?"

"እኔ ነኝ።"

"እሜቴ! ክፈችልኝ እስቲ፤ ትንሽ አየር ልውሰድ።"

"አባዬ አይከፈትም ብለዋል።"

"አሁን እመለሳለሁ። የእናት ልጅ፣ ክፈችልኝ።"

አሁን እመለሳለሁ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። እናቴም ገበያ ሄዳ ልታመሽ ስትል የምትለኝ እሱን ነው። አክስቴ እያታለለችኝ ነው። ከዚህ በር ከወጣች ዝምታው ግቢ ትገባለች፤ እዚያው ትቀራለች። ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ እግሬን ግድግዳው ላይ ተከልኩ።

መንኳኳቱ በረታ። "ጋሼ!" ብላ ጮኸች። መጋረጃውን ገልጬ አባቴን አየሁት። እዚያው ነበር። አሥር እርምጃ። በወይዘሮዋ አንገት ላይ ያለቁትን ቅጠሎች በክር አድርጎ እየለካ ነበር። ድምፁን ሰምቷል፤ ዓይኖቹ ወደ እኔ ዞሩ። መዳፉን ወደ ታች ሁለት ጊዜ አወረደ፤ ቆይ፣ ዝም በይ እንደማለት። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

ዘፈኑን ወዶት ነው ብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ለምን ያህል ጊዜ እንደነበር አላውቅም። ወይዘሮዋ ወጥታ፣ አባቴ በሩን ዘግቶ እስኪመጣ ድረስ ነው። መቀርቀሪያውን የሳበው እሱ ነው። አክስቴ ወለሉ ላይ፣ አፏን በሻሽዋ ሸፍና፣ ፊቷን በበሩ ስር ወዳለችው ክፍተት አስጠግታ ተቀምጣ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የቀለጠው ቅይጥ አልቆ ረግቷል፤ አረንጓዴ፣ የሚያምር። አባቴ መጀመሪያ ያየው እሱን ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ዘልሏት አለፈና ቅይጡን በወረንጦ አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረው።

"ወጥቷል" አለ።

አክስቴ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ውሃ ሰጠኋት። ጠጥታ ብርጭቆውን አየችው። "ስኳር ጨመርሽበት እንዴ? ጣፈጠኝ" አለችኝ። አልጨመርኩም አልኳት። አልተቆጣችኝም። ባትቆጣኝም እኔ ያጠፋሁት መሰለኝ፤ ያጠፋሁት ምን እንደሆነ ግን ለማወቅ አልቻልኩም። ፀጉሬን ዳበሰችኝና "አይዞሽ እሜቴ" አለች። ለኔ ነው አይዞሽ ያለችው።

በማግስቱ ትኩሳት። በሦስተኛው ቀን መተንፈስ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ሆነባት፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ከንፈሯ እየጠቆረ። በአራተኛው ቀን ሐኪም መጣ። ደረቷን ሲያዳምጥ እኔ የአልጋውን ራስጌ ይዤ ቆሜያለሁ።

"ሥራዋ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀ።

አክስቴ አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ አላገኘችም። አባቴ ቀደማት። "ቤት ነው የምትውለው። አልፎ አልፎ ለደንበኞቼ ሻይ ታፈላልኛለች። ብርድ መትቷት ነው።"

ውሸት መሆኑን አውቄያለሁ። ግን የቅይጡን ምሥጢር ከሐኪሙ እየደበቀ ነው ብዬ አፌን ያዝኩ። ምሥጢር ጠባቂ ነበርኩ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ብሎ ጻፈ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት አክስቴ ሞተች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። የቀሩትን ቅጠሎች አባቴ በሌላ አንጥረኛ አስጨርሶ ሐብሉ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ለሙሽራይቱ ደረሰ፤ ቀን አላለፈበትም።

ዝምታው ቀብር ላይ ከሰው ሁሉ ጀርባ ቆሞ ነበር። ያኔ ያጠፋሁት ምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ፤ በሩን ስላልከፈትኩላት፣ ወደ ዝምታው መሄድ ስላልቻለች፣ በናፍቆት ሞተች። የገደልኳት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ይህን ይዤ አደግሁ፣ ተማርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። አክስቴ የጀመረችውን ሥራም ያዝኩት፤ እኔም አንጥረኛ ነኝ፤ አባቴ ዘንድ ሳይሆን ሌላ ቦታ ተቀጥሬ። አረንጓዴ ወርቅ ግን ሠርቼ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ቀለሙ አይመቸኝም እላለሁ።

ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ላይ አሠሪዬ ሁላችንንም ለሁለት ቀን ስለ ሥራ ደኅንነት ሥልጠና ላከን። አሠልጣኟ ከእኔ የምታንስ ልጅ ናት። ምሳ ከበላን በኋላ፣ ግማሹ ሰው እያንቀላፋ፣ ስለ ካድሚየም ማውራት ጀመረች። ግራጫ ብረት ነው አለች። ድሮ ለብየዳና ለአረንጓዴ ወርቅ ይጨመር ነበር አለች። ያኔ ጀርባዬ ቀና አለ።

"ጭሱ መጥፎነቱ ወዲያው አለማስታወቁ ነው" አለች። "ሰውየው ጉሮሮው ይደርቃል፣ አፉን ይጣፍጠዋል፣ ቤቱ ሄዶ ይተኛል። ማታ ወይም በማግስቱ ብርድ ብርድ ይለዋል። ብዙ ከሳበ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል። ሐኪሙ ካልተነገረው የሳንባ ምች ነው ይላል።"

እጄን አወጣሁ። "በስንት ቀን ይሞታል?"

"እንደ ሁኔታው ነው። ከአራት እስከ ሰባት ቀን" አለች። ወረቀቷን ገለጠች። "መስኮት መክፈት ብቻ ብዙ ሰው ያተርፋል።"

የሥልጠናውን መጨረሻ አልጠበቅሁም። ወጥቼ ቀጥታ የሄድኩት ዝምታው ዘንድ ነው። ዳሱ ስር፣ አሁንም ሜዳ ላይ ይሠራል፤ ሽማግሌ ሆኗል፤ ሚስትና ልጆች አሉት። ጠጠር የምወረውረው ልጅ መሆኔን ወዲያው አወቀ። ሁሉንም ጠየቅሁት።

"ባለሻንጣው ለመንደሩ አንጥረኛ ሁሉ ነግሯል" አለኝ። "እኔ ለብየዳ ስጠቀምበት ነፋስ ከኋላዬ አድርጌ ነው ያቀለጥኩት፤ ኋላም ተውኩት። ለእሷም ነገርኳት። 'ይህችን ብቻ ጨርሼ' አለችኝ፤ ወንድሟን አዘነችለት። ለአባትሽም ነገርኩት። ሰምተሻል፤ ነበርሽ።"

"ነበርኩ" አልኩ። "ስቄ ነበር።"

"ልጅ ነበርሽ" አለና ሞረዱን አነሳ።

አባቴ ዘንድ የደረስኩት በማግስቱ፣ ረፋዱ ላይ ነው። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ብርቱካን ይልጣል። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጤነኛ፣ ጥርሱ ሙሉ። እናቴ አጠገቡ ሹራብ ትሠራለች። ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

"አባዬ፣ ግራጫው መርዝ መሆኑን ያውቁ ነበር?"

"የምን ግራጫ?"

"አክስቴን የገደላት።"

ልጣጩ እጁ ላይ ቀረ። "አክስትሽን ብርድ ነው የመታት። ሐኪም ያለውን አንቺ ልታውቂ ነው?"

"ሐኪሙን የዋሹት እርስዎ ነዎት። አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ባለሻንጣው ሲነግርዎት ባንኮኒው ስር ነበርኩ። ዝምታው ሲነግርዎትም ነበርኩ። ሁለት ሰው ነግሮዎታል።"

"የነጋዴና የጠላት ወሬ!" አለ። "ሁሉም የኔን ገበያ ነበር የሚፈልጉት።"

እናቴ ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "የሞተን ሰው ለምን ትቀሰቅሳላችሁ? እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ ጠርጥሬ ምን ልሁን?" አለች። ወደ እሷ ዞርኩ፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሻዩ፣ ቀልዱ፣ የፍቅር በሽታው። ለእሷ የሚሆን ቁጣ ለሌላ ቀን አቆየሁ፤ አላለቀም፣ አለኝ።

"ወርቁን ዘልለዋት ሄደው ነው ያነሱት" አልኩት አባቴን። "እሷ ወለል ላይ ተቀምጣ።"

አባቴ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ያንን ጣት እስክሞት አልረሳውም። "በሩ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ" አለ። "ክፈችልኝ ስትልሽ የከለከልሽ አንቺ። አሁን መጥተሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ?"

ያውቅ ነበር። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ምን ተሸክሜ እንደምዞር ያውቅ ነበር፤ ከራሱ ላይ አውርዶ እኔ ላይ የጫነው እሱ ነውና። ሕፃን ልጅ ትሸከምለት ብሎ ትቶኝ፣ በሰላም ብርቱካን ሲልጥ ኖሯል።

"አዎ፣ በሩ ላይ እኔ ነበርኩ" አልኩት። "ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንተስ ስንት ዓመትህ ነበር?"

በሕይወቴ አንተ ብዬው አላውቅም። እናቴ "ኧረ አፍሽን!" አለች። አባቴ ግን ጥያቄ የተጠየቀ ሰው ሆኖ አሰበ፤ ከንፈሩ ቆጠረ።

"ሠላሳ ስምንት" አለ።

ወጥቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ደጁን አልረገጥኩም።

አንድ ነገር ግን አደረግሁ። የአክስቴ መቃብር ላይ አባቴ ያስቆመው ድንጋይ ነበር፤ ከስሟ በታች "በአጭር ሕመም አረፈች፤ የምትወዳት ወንድሟ አቆመላት" ይላል። የምትወደው ማለት ፈልጎ ነው መሰለኝ፤ ለዚያም እንኳ አልተጠነቀቀም። አስነቅዬ ሌላ አስቆምኩ። ድንጋይ ጠራቢው ጽሑፉን ሲያነብ ሁለት ጊዜ "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ። እንዲህ ይላል፦ "ወርቅ አንጥረኛ ነበረች። አረንጓዴ ወርቅን በዚህች ከተማ የሠራች እሷ ናት። በወንድሟ ቤት፣ መስኮት በተቸነከረበትና በር በተቀረቀረበት ጓዳ፣ መርዝ ተንፍሳ ሞተች።"

ዘመድ ተነሳ። አጎቶቼ ተሰብስበው መጡ። ገመናችንን አደባባይ አወጣሽ አሉኝ፤ አባትሽ አንገቱን ደፋ፣ ሰው ፊት መውጣት አቃተው አሉኝ። ይድፋ አልኳቸው። በመጨረሻ ትልቁ አጎቴ ለዘብ ብሎ፣ እንደ ሽምግልና አድርጎ፣ "ልጄ፣ እውነትም ቢሆን መቃብር ድንጋይ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል?" አለኝ።

"የት ይጻፍ ታዲያ?" አልኩት።

ሻይ አቅርቤላቸው ነበር፤ ሳይጠጡት ተነስተው ሄዱ።